ጸሎቱ መሃል ላይ ሲጠፋ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 71 ነው። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ከዓመት በፊት ሐኪም የአልዛይመር መጀመሪያ ነው ብሎኛል። 38 ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምሬአለሁ። ከሦስት ወር በፊት ጉባኤው ሲያልቅ ‹አባታችን ሆይ›ን እንድመራ ተጋበዝኩ። ጀመርኩ። ‹ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች› ካልኩ በኋላ ጠፋብኝ። በልጅነቴ የያዝኩት ጸሎት! ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሦስት ነገር ልጠይቅ። እግዚአብሔርን ራሱን የረሳሁ ቀን ምን እሆናለሁ? ኃጢአቴን ካላስታወስኩ እንዴት ንስሐ እገባለሁ? ደግሞ አንዲት የማከብራት እህት ‹ይህ የመጣብሽ እምነትሽ ስለ ደከመ ነው፤ ክኒኑን ተዪና ጸልዪ› ብላኛለች። እውነት ነው?»

ከሥሩ ደግሞ ይህ ተጨምሮበታል፦ «እኔ ልጇ ነኝ። ይህን እሷ ሳታይ ነው የጻፍኩት። በቀን አሥር ጊዜ ያንኑ ነገር ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል።»

እናቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። እሱ አጭር ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አናዶኛል።

አይደለም። በሽታው የመጣብዎት እምነትዎ ስለ ደከመ አይደለም። ክኒኑንም አይተዉ። እህታችን በቅን ልብ ብላው ይሆናል፤ ግን ተሳስታለች፣ ያውም ሰው በሚጎዳ ስሕተት። አልዛይመር የአንጎል በሽታ ነው። አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች አንጎል ውስጥ ያለ ቦታቸው ይከማቻሉ፤ የነርቭ ሴሎችም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ኩላሊት ሲታመም ወይም ዓይን ሲጋረድ «እምነትሽ ነው» የሚል ሰው ብዙ የለም። አንጎል ሲሆን ግን ሁሉም ነቢይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመርሳት በሽታዎች ጋር ይኖራል፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። ያን ሁሉ ሰው በእምነት ጉድለት ልንከሰው ነው?

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ይህንኑ ነበር የጠየቁት። ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ነው፤ ልጅዎ ታንብብልዎት። ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ሰላምታውን ያቀረበላቸው «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ነው። ሙያውን ተው አላለውም።

አሁን የሚሰጡት የተለመዱ ክኒኖች በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉትም። ለአንዳንድ ሰው ግን ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ቀለል ያደርጉለታል። ካልተስማማዎት ለሐኪሙ ይንገሩት እንጂ በራስዎ እንዳያቋርጡ። እየጸለዩ ይዋጡት።

(እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች፦ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መዳከም፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ በአዛውንቶች ላይ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ ሰውን ሊያዘነጋና ሊያደናግር ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። «አርጅታ ነው» ብላችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት አስመርምሩ።)

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ፣ ጸሎቱ ወደ ጠፋብዎት ቀን።

መምህርት ስለ ሆኑ ይህን ቶሎ ይረዱኛል። ፊደል የቆጠረን ሰው በድንገት «ከ‹ቸ› ቀጥሎ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኛው ሰው ቀጥታ አይመልስም። «በ፣ ተ፣ ቸ…» ብሎ ከኋላ ይነሣና ነው የሚደርስበት። በቃል የተያዘ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ክሩ መሃል ላይ ሲበጠስ ደግሞ ከመሃል መቀጠል ለጤነኛም ከባድ ነው። የእርስዎ ክር በሕመሙ ምክንያት ከድሮው ቀጭን ሆኗል። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ እያየዎት ነበር። ድንጋጤ ደግሞ ያለንንም ያስጠፋል። «ምላሴ ላይ ነበር» ብለው የቆሙበትን ቃል በግድ ከሚፈልጉት፣ ዘና ብለው «በሰማያት የምትኖር» ብለው እንደገና ቢጀምሩት ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል። ቤት ውስጥ ይሞክሩት። አንዳንዴ ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። አልዛይመር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። አዲስ ነገር የሚመዘገበው በእሱ በኩል ነው። ለዚህ ነው የዛሬ ጠዋቱ ጠፍቶ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱ የሚቀረው። ቴዎዱል ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ ይህን በ1881 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል፤ ቅርቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሩቁ ይቆያል። ስለዚህ በልጅነትዎ የያዙት ጸሎት ገና ብዙው አብሮዎት አለ። አንድ ቀን አንድ መስመር ጠፋ ማለት ጸሎቱ ተሰረዘ ማለት አይደለም።

አያቴም ይህ ሕመም ነበረባት። ያኔ ስሙን አናውቅም፤ «ጃጀች» ነበር የምንለው። ይህን ቃል አሁን ስሰማው ያመኛል። ማታ ማታ ስትጸልይ አንድ መስመር ላይ ትያዝ ነበር። «በደላችንን ይቅር በለን» ትላለች። ትንሽ ትቆያለች። ደግሞ «በደላችንን ይቅር በለን» ትላለች። እኔ 19 ዓመቴ ነበር፣ ሁሉን አዋቂ። «አያቴ፣ ብለሽዋል እኮ! ቀጥዪ እንጂ» እላት ነበር። አንድ ማታ ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ አንተ ጨርሰው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የተቆጣች መሰለኝና ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ድምፅ አውጥታ ጸልያ አታውቅም።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ዛሬ ብትኖርልኝ ከጎኗ ተቀምጬ መቶ ጊዜ «ይቅር በለን» እል ነበር። ደግሞስ ሰው አንድ መስመር ላይ መያዙ ካልቀረ ከዚያ የተሻለ መስመር የት ይገኛል?

«አንተ ጨርሰው» ማለቷ ግን ቁጣ አልነበረም። እንደዚያ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጌታ ያስተማረን ጸሎት «አባቴ ሆይ» አይልም፣ «አባታችን ሆይ» ነው የሚለው። ብቻዬን ቆሜ በክፍሌ ውስጥ ስለው እንኳ ብቻዬን አይደለሁም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። ያን ቀን እርስዎ ሲቆሙ ጉባኤው አንገቱን ከሚደፋ «እንዲሁም በምድር ትሁን» ብሎ መቀጠል ነበረበት። ስሕተቱ የእነሱ ነው። ክፋት አይመስለኝም፣ አፍረውልዎት ነው። ግን ስሕተት ነው።

እሺ። ወደ ከባዱ ጥያቄ። እግዚአብሔርን የረሱት ቀን ምን ይሆናሉ?

ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ያስታውሱታል፤ ለልጆቹ ስንት ጊዜ አስተምረውታል። ምን ነበር ያለው? «ጌታ ሆይ፣ አስበኝ» ነው ያለው። አስብሃለሁ አላለም። አልረሳህም ብሎ ቃል አልገባም። ለመማር ጊዜ የለውም፣ ጥቅስ ለመያዝ ጊዜ የለውም፣ አእምሮው በሕመም ተይዟል። የማስታወሱን ሥራ በሙሉ ለሌላኛው ወገን ሰጠው። የተመለሰለትም መልስ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል ነው።

የመጽሐፍ ቅዱሳችን አማርኛ እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለው። እግዚአብሔር «አስታወሰ» ከማለት ይልቅ «አሰበ» ማለትን ይወዳል። ኖኅን አሰበ፤ ውኃውም ጎደለ። ሐናን አሰባት፤ ፀነሰች። ማሰቡ ዝም ብሎ ትዝ ማለት አይደለም፣ እጅ መዘርጋት ነው። የእኛ ማስታወስ ግን አንጎላችን ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ይደክማል። ሃይማኖታችን ሁሉ በዚያ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ሕፃኑም፣ በሕመም ራሱን የሳተውም፣ እንቅልፍ የወሰደውም ሁሉ እምነት የለሽ በሆነ ነበር። እርስዎ ሌሊት ሲተኙ ክርስቲያን መሆንዎን ያቆማሉ እንዴ?

ኢሳይያስ 49 ላይ እግዚአብሔር ራሱ ይህን ጥያቄ ያነሣዋል። ሴት የወለደችውን ሕፃን ልትረሳ ትችላለች ወይ ይላል። የሚገርመኝ መልሱ ነው። «በፍጹም» ብሎ አያልፈውም። «አዎን፣ እርስዋ ትረሳ ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሽም» ይላል። የሰው ልጅ መርሳት ተቆጥሮ ገብቷል ማለት ነው፣ እግዚአብሔርን አያስደነግጠውም። አንድ ቀን ይህችን የምትጽፍልዎትን ልጅ እንኳ «ማን ነሽ?» ሊሏት ይችላሉ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፣ ግን እርስዎም ያሰቡት ነገር ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል «እነሆ፣ እኔ በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ» የሚል ነው። በቀለም ጻፍኩሽ አይልም፣ ቀረጽኩሽ ነው የሚለው።

በሽታው ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1901 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ የምትባል የ51 ዓመት ሴት ታማ መጣችለት። ስምሽን ጻፊ ሲላት ጀምራው መጨረስ አቃታት። «ራሴን አጥቻለሁ» ማለቷም በመዝገቡ ይጠቀሳል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሉቃስ 10 ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን፣ አጋንንት ስለ ተገዙላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ «ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ» ይላቸዋል። እኛ በገዛ እጃችን መጻፍ ያቃተን ስም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋሽዎትም። ብዙ ሰው «መዝሙር አይረሳም፣ አይዞሽ» ይልዎታል። እውነትነት አለው። ዜማ ከንግግር በኋላም የሚቆይባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አረፍተ ነገር መጨረስ ያልቻለ ሰው መዝሙር ሲጀመርለት አብሮ ይዘልቃል። ይጠቀሙበት። መጽናኛዎን ግን እሱ ላይ አይስቀሉት። በሽታው ከገፋ መዝሙሩም ሊሄድ ይችላል። ጠባይም ሊለወጥ ይችላል፤ ዕድሜ ልኳን ክፉ ቃል ያልወጣት ሴት ስትሳደብ፣ ጸሎት የምትወድ ሴት መጽሐፉን ስትገፋ ይታያል። ያኔ ቤተ ሰብ «ካደች» ብሎ ይደነግጣል። ክህደት አይደለም፣ ሕመሙ ነው። ክህደት እኮ ማወቅንና መምረጥን ይጠይቃል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት የእኛ መታመን ቢጎድልም እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል፣ «ራሱን ሊክድ አይችልም» ይለዋል።

ማልቀስ ከፈለጉም ያልቅሱ። የሚደርስብዎት ነገር ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥቅስ እየጠቀሰ ፈገግ እንዲሉ ሊያስገድድዎት አይገባም። መዝሙር 88ን ያንብቡት (በአንዳንዱ መጽሐፍ 87 ነው)። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኀዘን ነው። መጨረሻው ላይ እንኳ ብርሃን አይገባበትም፣ ጨለማ ብሎ ነው የሚያበቃው። እሱም ጸሎት ተብሎ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል።

ንስሐስ? ይህ ጥያቄዎ በጣም ነው የነካኝ። ሌሎቻችን ኃጢአታችንን ለመርሳት ስንታገል እርስዎ እንዳይረሱት ይጨነቃሉ። ዳዊት ከእርስዎ በፊት ጠይቆታል፦ «ስሕተትን ማን ያስተውላታል? ከተሰወረ ኃጢአት አንጻኝ።» መዝሙር 19 ላይ ነው፣ በአንዳንዱ 18። የማያውቀውን፣ የማያስታውሰውን ኃጢአት ሁሉ በአንድ መስመር ጠቅልሎ አስረከበ። ይህች መስመር ለእርስዎም ትበቃለች። በትልልቁ ተጽፋ አልጋዎ አጠገብ ትለጠፍ።

አሁን የሚያስታውሱት፣ ልብዎን የሚከብድዎት ነገር ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ይጨርሱት። ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው ካለ ዛሬ ይደውሉለት። ንስሐዎን ከሚሰማዎት አገልጋይ ጋርም ይነጋገሩ። ከዚያ ልጅዎ ይህን ትወቅልዎት፤ ዝርዝሩን ሳይሆን መጠናቀቁን ብቻ። ለምን መሰለዎት? በዚህ ሕመም አንዳንዴ ሰው ይቅር መባሉን ይረሳና አሮጌው በደል እንደ አዲስ ይቆጠቁጠዋል። ያኔ አጠገብዎ ሆኖ «እማዬ፣ እሱ እኮ አልቋል፣ ይቅር ተብለሻል» የሚል ሰው ያስፈልግዎታል። ያስፈለገውን ያህል ጊዜ ይበልልዎት።

ወደ ቤተ ክርስቲያንዎ ይመለሱ። እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ልጅዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ሄዳችሁ ለአገልጋዮቹ በግልጽ ንገሯቸው። «የመርሳት ሕመም አለብኝ፤ ስቆም ቀጥሉልኝ» ይበሏቸው። ሰው ሲያውቅ አንገቱን አይደፋም። ጠዋት ላይ ያለውን ጉባኤ ይምረጡ፤ በዚህ ሕመም ብዙ ሰው ሲመሽ ነው ግራ የሚጋባው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጡ፣ ከሚያውቁት ሰው ጎን። ረጅሙ ስብከት ካደከመዎት ወጣ ብለው ይመለሱ፤ ማንም አይታዘብዎትም፣ ቢታዘብም ይታዘብ።

ከልጆቹም አይራቁ። ትምህርቱን ሌላ ሰው ይምራው፣ እርስዎ ግን ጸሎቱን ያስጀምሯቸው። «አባታችን ሆይ» ብለው ይጀምሩ፤ ልጆቹ ይቀጥላሉ። እርስዎ የቆሙበት ላይ እነሱ አይቆሙም። 38 ዓመት ያስተማሩት ምን ሊሆን ነው ታዲያ?

የማርቆስ ምዕራፍ 2 ሽባው ሰው በራሱ እግር አልመጣም። አራት ሰው ተሸክሞ፣ ጣሪያ ነድሎ አወረደው። ወንጌሉ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን ነው ያለው፣ የተሸካሚዎቹን ጭምር። ሰውየው በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያምን የጠየቀው የለም።

አሁን አእምሮዎ ደህና በሆነበት ሰዓት ልጅዎና እርስዎ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ጀምሩት። የሚወዷቸውን መዝሙሮች ጻፉ፤ በተለይ ከ20 ዓመትዎ በፊት የያዟቸውን፣ የሚጸኑት እነሱ ናቸው። እንዴት እንዳመኑ፣ በሕይወትዎ እግዚአብሔር የት የት እንደ ደረሰልዎ በራስዎ ድምፅ ስልክ ላይ ይቅዱት። አሥር ደቂቃ አሥር ደቂቃ እያደረጋችሁ። በኋላ የእርስዎን ታሪክ ለእርስዎ የሚነግርዎት የራስዎ ድምፅ ይሆናል። አንዲት አጭር ጸሎትም ይምረጡ፣ በአንድ ትንፋሽ የምታልቅ። «ጌታ ሆይ፣ አስበኝ» ትሆናለች፣ ወይም የወደዱት። ቀን በቀን፣ እጅዎን ሲታጠቡ፣ መብራት ሲያጠፉ ይበሏት፤ ከአንደበትዎ ጋር ትላመድ። የገንዘብና የሕክምና ውሳኔ በኋላ ማን እንዲወስንልዎት እንደሚፈልጉም አሁኑኑ በወጉ ይጨርሱት። ይህ መንፈሳዊ ነገር አይመስልም፤ ልጆች እንዳይጣሉ ማድረግ ግን መንፈሳዊ ነገር ነው።

አሁን ስልኩን ለልጅዎ ይስጧት።

እህቴ፣

ጮህሽባት። እሺ። እኔም አያቴን ዝም አሰኝቻታለሁ፣ ሳልጮህ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ አልመክርሽም።

ሲራክ ምዕራፍ 3 ላይ አባትህን በእርጅናው እርዳው፣ አእምሮው ቢጎድል እንኳ ታገሠው የሚል ቃል አለ። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ያኔም የወላጁ አእምሮ ሲደክም ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ልጅ ነበር ማለት ነው፤ ባይኖር ኖሮ ምክሩ አያስፈልግም ነበር።

በቀን አሥር ጊዜ ስትጠይቅሽ ለእሷ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ናት። «አሁን ነገርኩሽ እኮ» ማለት አይሠራም፤ የሚቀራት ነገር ቢኖር ማፈሯ ብቻ ነው። «ታስታውሺያለሽ?» የሚለውንም ጥያቄ ተዪው፣ ፈተና ነው የሚሆንባት። መልሱን በትልቁ ጽፈሽ የምታየው ቦታ ላይ ለጥፊላት። ደግሞ ጥያቄውን ሳይሆን ከጥያቄው ኋላ ያለውን ስሜት ስሚው። «ስንት ሰዓት ነው?» ስትልሽ «ብቻዬን ልትተዪኝ ነው?» ማለቷ ሊሆን ይችላል። እጇን ያዢ፣ ከዚያ ሰዓቱን ንገሪያት።

መጮህሽን ምናልባት ረስታዋለች። ስሜቱ ግን ነገሩ ከተረሳ በኋላም የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብትረሳውም ይቅርታ ጠይቂያት። ይህ በሌላውም በኩል ይሠራል፤ ያሳቅሻት ሳቅ ምክንያቱ ከጠፋባት በኋላም ደስታው ትንሽ ይቆያል።

መጸለይ ያቃተሽ እምነትሽ ሞቶ አይመስለኝም። ደክሞሻል። ኤልያስ በረሃ ገብቶ «ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከውምም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው። ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰውና ብላ አለው። እንዲህ ሲያርፍ ነው ጉዞውን የቀጠለው። አንቺም ተኚ። ሽባውን የተሸከሙት አራት ነበሩ፤ አንቺ ብቻሽን በአራቱም በኩል ይዘሻል። ከቤተ ሰብም ከምእመናንም ሦስት ሰው ፈልጊ። «የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚልሽን ሁሉ በቃሉ ያዢው፦ «ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከእናቴ ጋር ተቀመጪልኝ» በያት። እንቅልፍ ከጠፋ፣ እንባ ካልቆመ፣ ወይም እጅሽ ሊነሣ እንደሆነ ከተሰማሽ ደግሞ ከክፍሉ ውጪና ሐኪም አነጋግሪ። አስታማሚም ይታመማል።

እስከዚያው በራስሽ ቃል መጸለይ ካቃተሽ ማታ ከእናትሽ ጎን ተቀመጪና የእሷን ጸሎት አብረሻት በዪ። ስትቆም ቀጥዪላት። ስትደጋግም ድገሚ። አንቺም መሃል ላይ ድምፅሽ ከጠፋ፣ ማን ያውቃል፣ እሷ ትጨርስልሽ ይሆናል።

የመዝሙሮቹ ዝርዝር ሲያልቅ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደ ሆነ ጻፉልኝ።